የባልደራስ ውርንጭላ

እኔ በጠራራ ፀሐይ ከጅብ ጋር ተፋጥጬ አውቃለሁ። አትሳቁ! የአራዳ ልጅ ጅብን የሚያውቀው በተረት ነው የሚል ካለ አፉን ይያዝ፤ ያን ጊዜ ባለ ሁለት እግሩ በየቀበሌው ሞልቶ ነበር። የኔው ግን የእውነቱ፣ ባለ አራት እግሩ ነው። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ዘመኑ ሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት።

ቤታችን እሪ በከንቱ፣ ከፒያሳ ወደ ወንዙ ሲወረድ ቁልቁለቱ ላይ ነው። እናቴ አዳነች፣ አባባ የምንላቸው የእናቴ አባት ባልደራስ ገብረዮሐንስ፣ እኔ አይናዲስ፣ ከኛ ጋር ደግሞ ሁለት ፈረሶች። አዎ፣ ፈረሶች። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአንድ መስፍን ፈረስ ቤት አለቃ ነበሩ። መስፍኑ ታስረው ንብረታቸው ሲወረስ ደህና ደህናዎቹ ፈረሶች ተነድተው ተወሰዱና ሁለት አሮጌዎች ቀሩ፤ ቦራ የምትባል ባዝራና አንድ ዳማ ፈረስ። «እነዚህንስ ጅብ ይብላቸው፣ ሽማግሌው» ቢሏቸው፣ አባባ «ጅብ ከኔ የሚቀበለው ነገር የለም» ብለው ሁለቱንም እየሳቡ ግቢያችን አስገቧቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ በመጣ ቁጥር ሱሉልታ ድረስ ወስደው ሣር ያግጧቸዋል፤ ሲመለሱ ድርቆሽ ጭነው ይመጣሉ። ለዚሁም ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ነበራቸው።

ታላቅ ወንድሜ እምሩ ለትምህርት ጅማ ሄዷል ተብያለሁ። አሁን እንደማውቀው ግን እምሩ ጅማን በካርታ እንጂ በዓይኑ አላያትም። ወረቀት በትኗል ተብሎ ስሙ ቀበሌው ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ነበር፤ በዚያ ወር ስሙ እዚያ የገባ ልጅ ከተያዘ ተመልሶ ቤቱ አይገባም። አባባ ሱሉልታ ወስደው ኦቦ በዳዳ ከሚባሉ የድሮ ወዳጃቸው ዘንድ ደበቁት። ይህን ሁሉ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው ውርንጭላ እንዳለን ነው።

እንዴት መሰላችሁ? እናቴና አባባ ስለ እምሩ ሲያወሩ ስሙን አይጠሩም። ግድግዳችን ጭቃ ነው፤ ጎረቤት አለ፤ ጆሮዬን አቁሜ የምዞር እኔም አለሁ።

«ውርንጭላው እንዴት ሰነበተ?» ትላለች እናቴ ጋጣው በር ላይ ቆማ።

«ሳሉ አልለቀቀውም» ይላሉ አባባ የቦራን ጋማ እያበጠሩ።

«ይበላል?»

«ያገኘውን ይበላል። የጎዳው ብርዱ ነው።»

«ጅቡ ትናንት ደጃፍ ቆሞ ነበር። ‹ባልደራስ እሑድ እሑድ አያርፉም እንዴ?› አለኝ እየሳቀ።»

«ይሳቅ። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል።»

ጅቡ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ አባይነህ ነው። ግራ እግሩን ትንሽ ጎተት ያደርጋል፤ ሰላምታው ደግሞ ከማር ይጣፍጣል። እናቴ ከተረቱ ላይ ስም አወጣችለት። እኔ ግን ነገሩን እንዳለ ነው የጎረስኩት፤ ቦራ ሱሉልታ ላይ ወልዳለች፣ ልጇን ብርድ መቶታል፣ ጅብ ደግሞ ሊበላው አድብቷል። ቦራ ሃያ ዓመት ያለፋት፣ መውለድ ያቆመች ባዝራ መሆኗን ማን ይንገረኝ!

እናቴ ሹራብ መሥራት ስትጀምርማ ጭራሽ አበድኩ።

«ለማን ነው?»

«ለውርንጭላው» አለችኝ ሳታስበው።

ሳምንቱን ሙሉ ስከታተል ሁለተኛውን እጅጌ ጨርሳ ክሩን ቆረጠች። «ሁለቱስ?» አልኳት።

«የምን ሁለት?»

«አራት እግር አይደል እንዴ ያለው!»

እናቴ ሳቀች። ከስንት ወር በኋላ ጥርሷን ያየሁት ያን ዕለት ነው። «የፊት የፊቶቹን ካለበስነው ይበቃዋል» አለችኝና ሳቋ ሳያልቅ ፊቷን አዙራ ዓይኗን ጠረገች። በደስታ መስሎኝ ነበር። ሹራቡን በማግስቱ እሑድ አባባ ይዘውለት ሄዱ።

አርብ ዕለት ቦኖ ውኃ ልቀዳ ወረድኩ። የጎረቤታችን የእትዬ ሸሪፋ ልጅ ከሪማ አባቷ ከቡታጅራ በግ ይዞ እንደመጣ ስትለፈልፍ አንጀቴን አሳረረችው።

«በግ ምን ያደርጋል! እኛ ውርንጭላ አለን» አልኩ።

«ውሸታም! የናንተ ፈረሶች አሮጌ ናቸው።»

«ሱሉልታ ነዋ ያለው! ሹራብ ሁሉ አለው!»

ቦኖው በሳቅ ፈረሰ። ልጆቹ ተንከተከቱ፤ ባልዲ የያዙት ሴቶችም ሳቁ። አንዲት ሴት ግን አልሳቀችም፤ ባልዲዋን ግማሽ ድረስ ሞልታ ትታን ሄደች። ዛሬም ድረስ ያቺን ሴት ብረግማት እወዳለሁ፤ ግን አፉን የከፈተው ማነው? እኔ ነኝ።

እሑድ ጠዋት «ካልሄድኩ» ብዬ ቦራ እግር ሥር ተንከባለልኩ። እናቴ «አይሆንም» አለች፤ አባባ ግን ለቅሶዬን አይችሉም። «ትምጣ፤ ነፋስ ይንካት» ብለው ከፊታቸው አፈናጠጡኝ። ጊዮርጊስን ስናልፍ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ አዲሱ ገበያን አልፈን፣ ኬላው ላይ ወረቀታቸውን አሳይተው፣ ዳገቱን ወጣን። ሱሉልታ ሜዳ ስንደርስ ሣሩ የቦራን ጉልበት ይነካ ነበር፤ አደይ አበባውም ገና አልረገፈም። እንደዚያ ያለ ሰፊ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ሰፈራችን ውስጥ ሰማዩ ራሱ በቆርቆሮ መሃል ነው የሚታየው።

«ፈረሶቹን ጠብቂ። ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ» አሉኝ አባባ፤ ከዚያ ከኦቦ በዳዳ ጋር ድርቆሹን ሊያስሩ ከጉብታው ወዲያ ወረዱ። ድርቆሽ ማሰር ይህን ያህል ጊዜ እንደማይፈጅ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። እምሩን ሊያዩት ነው የሄዱት።

ኪሴ ውስጥ ለውርንጭላው ያመጣሁት ጨው አለ። ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ቦራ መጋጧን ተወች። ጆሮዋን ቀስራ ወደ ገደሉ፣ ባሕር ዛፍ ወደበቀለበት ስርጓዳ ዞረች፤ አፍንጫዋን ነፍታ አሽካካች፤ በፊት እግሯም መሬቱን ጎደፈረች። እኔ ምን አልኩ? እናት ልጇን አሸተተች አልኩ! ልጓሟን ከኮርቻው ላይ አንስቼ፣ ውርንጭላውን እየሳብኩ አምጥቼ አባባን ጉድ ላሰኛቸው፣ ቁልቁል ሮጥኩ።

ከስርጓዳው ሥር አፉ ሰፋ ያለ ጉድጓድ አለ። ከጉድጓዱ ውስጥ ጭርር የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። «መጣሁልህ!» ብዬ ጎንበስ ስል፣ ከጎኔ ካለው ቁጥቋጦ አንድ ነገር ተነሣ። ሽታው ነው የቀደመው፤ ቄራ አጠገብ ያለፈ ሰው ያውቀዋል። አንገቱ ወፍራም፣ የኋላው ዝቅ ያለ፣ ነጠብጣብ። ወደ እኔ ሁለት እርምጃ ሲራመድ እያነከሰ ነበር።

መሮጥ ነበረብኝ። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይለኛል። እኔ ግን ውርንጭላው ጉድጓዱ ውስጥ እየጮኸ ነው፤ ብሮጥ ሊበላው ነው! ንዴቴ ከፍርሃቴ በለጠ። ልጓሙን በማሰሪያው ይዤ አዞርኩት፤ ብረቱ እየተንቃጨለ በአየር ላይ ፏጨ።

«ሂድ ከዚህ! አንካሳ! ሌባ! ውርንጭላችንን አትበላውም!» የቦኖን ስድብ ሁሉ፣ እናቴ ብትሰማ አፌን በበርበሬ የምታስለቀልቀኝን ሳይቀር፣ አወረድኩበት። ጅቡ ጥርሱን አሳየኝ። እኔም አሳየሁት። አንዴ ዘልሎ ሲጠጋኝ ብረቱ አፍንጫውን አገኘው፤ ወደ ኋላ አለ እንጂ አልሄደም። እኔም ወደ ኋላ ስል እሾህ ላይ ወድቄ ጉልበቴ ተተለተለ።

ያኔ ጩኸቴን የሰማ አንድ ሰው ዱላ ይዞ ከበላዬ እየዘለለ መጣ። ድንጋይ አወረደ፣ ጮኸ፣ ክንዴን ይዞ ሽቅብ ጎተተኝ። ጅቡ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሄዶ ተጋደመና አየን። ሰውየው ጢሙ አድጓል፣ ጋቢው ተቀዷል፣ ያስላል። ከጋቢው ሥር እናቴ የሠራችው ሹራብ አለ።

«አይኑዬ፣ እብድ ነሽ?» አለኝ።

«እምሩ! አንተ ጅማ አይደለህም እንዴ? የውርንጭላውን ሹራብ ማን አባክ ልበስ አለህ? ውርንጭላው እኮ ጉድጓዱ ውስጥ ነው!»

«የጅብ ግልገሎች ናቸው። እሷም እናታቸው ናት።» ከዚያ ነገሩ ገባው መሰለኝ፣ ሳቅ ያዘው፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና እስኪበቃው ሳለ። «ውርንጭላው እኔ ነኝ፣ አይኑ።»

ወንድሜን አገኘሁ ብዬ የተደሰትኩ እንዳይመስላችሁ። ተናድጄ አለቀስኩ። ወንድም ድሮም ነበረኝ፤ ውርንጭላ ነው ያጣሁት።

እምሩ ቶሎ ቶሎ ነገረኝ። ጅቡ ማን እንደሆነ፣ ለምን እንደተደበቀ፣ ከተያዘ እንደሚገድሉት። «ለማን ተናገርሽ?» አለኝ።

«ለማንም» አልኩ፤ ቦኖ ላይ የለፈለፍኩትን ደብቄ።

«እንዳየሽኝ ለእማዬም ቢሆን እንዳትነግሪ። አባይነህ ይዞ ይጠይቃታል፤ ባታውቅ ይሻላታል። እንዲህ ከተጮኸ እኔም እዚህ ማደር የለብኝም፤ ዛሬውኑ ወደ ጎጃም መንገድ እወጣለሁ።» ጩኸቴን የሰሙ እረኞች ከወዲያ ማዶ ሲመጡ እያየ ግንባሬን ሳመኝና ባሕር ዛፉ ውስጥ ገባ።

አባባ ሲመጡ ፊታቸው ጠቁሯል። ኦቦ በዳዳ ቤት ቢሄዱ እምሩ የለም። እቤት ገብተን ኮርቻውን ሲያወርዱ ለእናቴ «ውርንጭላውን አላገኘሁትም» ሲሏት ሰማሁ። እናቴ ምሰሶውን ይዛ ቆመች። ደህና ነው ብል፣ እንዴት አወቅሽ ልባል ነው። ቦኖ ላይ የለፈለፍኩትም ሊወጣ ነው። ዝም አልኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዝምታዬ የሚያሳፍረኝ የለም።

ሰኞ ከምሳ በፊት ሁለት አብዮት ጠባቂዎች መጡና ሦስታችንንም ቀበሌ ወሰዱን። እናቴንና አባባን ከውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጠው እኔን አስገቡኝ። በመሃላችን ያለው ስስ የቺፑድ ግድግዳ ነው፤ ሰው ቢያዛጋ ይሰማል። ጓድ አባይነህ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ከረሜላ ዘረጋልኝ።

«ውሰጂ እንጂ፣ አይናዲስ።»

«ከረሜላ አልወድም።» ምራቄን ግን እየዋጥኩ ነበር።

«ውርንጭላ አላችሁ አሉ። ሹራብ የሚለብስ።» ፈገግ አለ። «የት ነው ያለው? ሰዎቼ ሄደው እንዲያመጡልሽ ነው።»

በመስኮቱ ሳይ የቀበሌው መኪና ሱሉልታ ሊሄድ ሞተሩ ተነሥቶ ቆሟል። ወደ እምሩ የመራኋቸው እኔ ነኝ፤ እኔው መመለስ አለብኝ። የመጣልኝን አልኩ።

«ሞተ። ጅብ በላው።»

«ምን?»

«ትናንት፣ ገደሉ ውስጥ። እኔ አይቻለሁ። ይኸው እኔንም ጣለኝ!» ቀሚሴን ገልጬ የተተለተለ ጉልበቴን አሳየሁት። «አንገቱን ይዞት ሄደ። ሹራቡንም ቀዳደደው!»

ከግድግዳው ወዲያ «እምሩዬ! ልጄን!» የሚል ጩኸት ተነሣ።

ያን ጩኸት ስንት ጊዜ አስቤዋለሁ! አንድ ቃል ነው የተናገርኩት፤ ሁለት ሰው ሁለት አድርጎ ሰማው። እናቴ የሰማችው በራሷ ቋንቋ ነው፤ ጅቡ ውርንጭላውን በላው፣ አባይነህ ልጄን ገደለው። አባይነህ የሰማው ደግሞ የኔን የልጅ ቋንቋ ነው፤ ሸሽቶ ዱር የገባን በሽተኛ የዱር ጅብ በላው። የእናት ጩኸት ሐሰት አይደለምና መሐላም አላስፈለገው። እጁን አንሥቶ በመስኮቱ ለሾፌሩ ምልክት ሰጠ፤ ሞተሩ ጠፋ።

«አብዮቱ አንድ ጥይት ተረፈለት» አለ ከረሜላውን ወደ መሳቢያው እየመለሰ።

እናቴ በሩን በርግዳ ገባች። «ጅብ! አንተ አንካሳ ጅብ! በላኸው!»

«ሴትዮ፣ ምን ነካሽ? የዱር ጅብ ነው የበላው እየተባልሽ!» አለ አባይነህ፤ በዕድሜው አንድ ጊዜ እውነት ተናግሮ የሚያምነው አጣ። «ለፀረ አብዮት ደግሞ አይለቀስም! ድምፅሽ ውጭ እንዳይሰማ!»

ተሰማ እንጂ! እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ በፒያሳ መሃል፣ በወርቅ ቤቶቹ ፊት ለፊት፣ ደረቷን እየመታች ወጣች። ያኔ የሞተ ልጅ ያላት እናት ሁሉ አፏን በትራስ አፍና ነበር የምታለቅሰው። ወርቅ ሠሪዎቹ በር ላይ ወጥተው ቆሙ፤ አንዳንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አብዮት ጠባቂዎቹ እርስ በርስ ይተያያሉ፤ አልነኳትም። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ቀሚሷን እጎትታለሁ፤ ለመናገር ሰው በዝቷል።

እቤት ስንደርስ ቀድማ የመጣችው እትዬ ሸሪፋ ነች። «አዱዬ! አዱዬ!» እያለች እናቴን አቅፋ ይዛታለች። ግቢው ሞላ። እኔ በሰው እግር ሥር ሾልኬ እናቴ ጭን ላይ ወደቅሁና አፌን ጆሮዋ ውስጥ ከተትኩት።

«እማዬ፣ እምሩ ደህና ነው። ትናንት አየሁት። ሹራቡን ለብሶ ነበር። ወደ ጎጃም ሄዷል።»

ለቅሶዋ ቀጥ አለ። እትዬ ሸሪፋ ራሷን የሳተች መስሏት ውኃ አምጡ አለች።

«ማን ነው ለጅቡ የነገረው?» አለችኝ እናቴ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

«እኔ። ቦኖ ላይ።»

ጭኔን ቆነጠጠችኝ። እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ፤ እሪ አልኩ። «ውይ የልጅ ነገር፣ ለወንድሟ አንጀቷ እንዴት ተቃጠለ!» አሉ ሴቶቹ።

አሁን ዝም ብትል ነገሩ አለቀ። አባይነህ አንድ ጆሮ ጠቢ ግቢው ውስጥ አያጣም፤ ልጇ የሞተባት ሴት በአንድ ጊዜ ዝም አትልም። ብታለቅስ ደግሞ በቁሙ ላለ ልጅ ማልቀስ ሟርት ነው፤ ከኛ ሰፈር ይህን የደፈረ የለም። እናቴ ወደ ጣራው አየች። «አንተ ታውቃለህ፤ ይቅር በለኝ» ስትል የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ። ከዚያ ተነሥታ አባባን አንገታቸውን ይዛ ተላቀሰች፤ በጆሯቸውም ነገረቻቸው።

አባባ ቀጥ ብለው ቆሙ። ወደ ጋጣው ሄዱ። ሲመለሱ ዳማውን በሙሉ ዕቃው ጭነውታል፤ ግላስ የሚባለው የመስፍኑ የኮርቻ ልብስ፣ የብር ልጓም፣ ኮርቻው ላይ የእምሩ የትምህርት ቤት ኮት። ድሮ ጀግና ሲሞት ፈረሱ እንዲህ ተጭኖ በለቅሶው መሃል ይሳባል። ይህ በአዋጅ የተወገዘ የፊውዳል ሥርዓት ነው! አባባ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ዳማውን ወደ መንገዱ ሳቡት፤ እናቴም ከኋላው ሆና ሙሾ አወረደች።

«ጅቡ ጠገብኩ አለ፣ ጥርሱን እየፋቀ፤
የኔ ውርንጭላ ገደሉን ዘለቀ።»

ሰዉ ገደል ገባ፣ ሞተ ብሎ ሰምቶ ተንሰቀሰቀ። ሦስታችን ግን ዘለቀ ማለት ተሻግሮ ወጣ ማለትም መሆኑን እናውቃለን። የመጀመሪያው የእናቴ ለቅሶ እውነተኛ ነበር፤ ሰፈሩን በእንባ ያራሰው ግን ይኸኛው ነው። እሪ በከንቱ በስሙ አንድ ቀን እንኳ ካፈረ፣ ያን ቀን ነው።

አባይነህ ሦስት ጠመንጃ ከኋላው አስከትሎ እግሩን እየጎተተ መጣ። «ይቁም! ምንድን ነው ይሄ የመሳፍንት ለቅሶ!»

እናቴ ፊቱ ሄዳ ቆመች። «ሞተ ብለህ የነገርከኝ አንተ ነህ። የሞተ ልጅ ስም ወረቀትህ ላይ ምን ይሠራል? ነገ በስሙ መጥታችሁ በሬን ልትሰብሩ ነው? ሰርዝልኝና ዝም እላለሁ። ካልሰረዝክ ሠላሳ ቀን አለቅሳለሁ፤ ከፈለግህ ተኩስ!»

መንገዱ ከላይ እስከ ታች ሰው ነው፤ ሁሉም አባይነህን ያያል። ጠመንጃ የያዙት ልጆች የሰፈሩ ልጆች ናቸው፤ አንደኛው እያለቀሰ ነበር። አባይነህ ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና በቀይ እስክሪብቶ ጫረ።

«ይኸው! ተሰረዘ!»

«እኔ አላነብም። አይኑ፣ ነይ አንብቢልኝ።»

ተጠጋሁ። ጣቴን ወረቀቱ ላይ አስኬድኩ። «‹እምሩ› ይላል። መሃሉ ላይ ቀይ መስመር አለ» አልኩ።

የሞተን ሰው የሚፈልግ የለም። እምሩ በዚያ ቀይ መስመር ጎጃም ውስጥ ስም ቀይሮ አሥራ ሦስት ዓመት አስተማረ፤ አገባ፤ ወለደ። በሰማንያ ሦስት መንግሥት ሲለወጥ በዚያው በራችን በእግሩ ገባ። ዛሬ ጡረተኛ ነው፤ ሳሉም አልለቀቀውም።

ያን ቀን ግን አባይነህ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሊሄድ ዞረና እናቴን መልሶ አያት፤ ነጠላዋ ወገቧ ላይ፣ ፊቷ ተቧጥሮ። እርሱም የሰው ልጅ ነውና፣ እናቱ ያስተማረችው ይሁን የአፍ ልማድ፣ እግዜር የለም እያለ ሲሰብክ የከረመ አፉ አመለጠው።

«እግዜር ያጥናሽ» አለ።

እናቴ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «አጥንቶኛል» አለችው።